አሮጌ ብረት፣ አዲስ ባሕረኛ

ጣሊያን ከእኛ ምድር ሲወጣ ብረት ትቶ ነው የወጣው። አዲስ አበባ ላይ የቀረው የካሚዮን ስባሪ፣ የነዳጅ በርሜልና ቆርቆሮ ነበር፤ ምፅዋ ላይ የቀረው ደግሞ ሙሉ መርከብ፣ ያውም የሰመጠ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የእንግሊዝ ጦር ወደ ምፅዋ ሲቃረብ የጣሊያን አዛዦች መርከቦቻቸውን በወደቡ መግቢያ ደርድረው በገዛ እጃቸው አሰመጧቸው። ለመርከብ ጥገና የሚያገለግሉት ተንሳፋፊ ዶኮች እንኳ አልተረፉም። ወደቡ በጠላት እጅ ቢገባም እንዳይጠቅመው ነው።

በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጥቂት ጠላቂዎችና መካኒኮች ይዞ መጣ። ትልቁን ዶክ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ በሆዱ አየር እየነፋ ከባሕሩ ወለል አነሳው፤ ብዙም ሳይቆይ የተጎዱ መርከቦች ምፅዋ ገብተው መታደስ ጀመሩ። ሰውየው በኋላ ስለዚያ ሥራና ስለ ቀይ ባሕር ፀሐይ መጽሐፍ ጽፏል። መሣሪያ እንኳ በቅጡ ሳይሟላለት ነበር የሠራው፤ ያለው ሙያተኛ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተወሰደው ገበያ፣ መርካቶ ውስጥ፣ አሮጌ ብረት የራሱን ሰፈር አገኘ። ምን አለሽ ተራን የረገጠ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። በርሜሉ በመሮና በመዶሻ ይተረተራል፤ ይዘረጋል፤ እየተቀጠቀጠ ተስተካክሎ የከሰል ምድጃ ይወጣዋል። የመኪናው ጎማ ተልጦ በረባሶ ይሆናል። ቁራሌው ከየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ጣሳ፣ ጠርሙስና ድስት እዚያ ተራግፎ በየዓይነቱ ይለያል። እዚያ ሰፈር የገባ ዕቃ እንደገባ አይወጣም። ስሙንም መልኩንም ለውጦ ነው የሚሸጠው። አሮጌ ብረትን ለማኖር ግን ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም ያንኑ ዕቃ ያንኑ ሥራ እያሠሩ፣ ስሙን እንደያዘ ለሠላሳ ዓመት ማቆየት ነው። አገራችን ይህን ሁለተኛውን መንገድ በትልቁ የሞከረችው ባሕር ላይ ነው።

መስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የኢትዮጵያ መንግሥት ምፅዋንና አሰብን፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የማያንስ የባሕር ዳርቻም አገኘ። ዳርቻው ነበር፤ ጠባቂው አልነበረም። ባሕር ኃይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከምድር ጦሩና ከአየር ኃይሉ እኩል ራሱን የቻለ ኃይል ሆነ። እንዲያደራጁ የተጠሩት በዋናነት የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ሲሆኑ እንግሊዛውያንም ነበሩበት። የኖርዌዮቹ ምርጫ ብልህነት ያለበት ይመስለኛል። አፍሪካ ውስጥ ቅኝ ግዛት ያልነበረው፣ በጥቂት ሕዝብና በትናንሽ ጀልባዎች ረጅም ዳርቻ መጠበቅ የለመደ አገር ነው። ጃንሆይም ከትልልቆቹ መንግሥታት ለአንዱ ብቻ እጃቸውን መስጠት አይወዱም ነበር።

ትምህርቱ በሁለት በር ተከፈለ። መኮንን ለመሆን የተመረጠው በ1956 እ.ኤ.አ. አሥመራ ላይ ወደተከፈተው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ይገባል፤ ኮርሱ 52 ወር ነው። ተራ ባሕረኛውና የበታች ሹሙ ግን ምፅዋ ይወርዳል። የልዑላኑና የአድሚራሎቹ ታሪክ በየጊዜው ተተርኳል። እኔን የሚስበኝ ወደ ምፅዋ የወረደው ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ መብራቱን የሚያበራው፣ ራዲዮኑን የሚያናግረው።

በፈቃዱ የሚመጣው ምልምል ለ7 ዓመት ይፈርማል። ከአሥመራ ቁልቁል ሲጓዝ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነስቶ በ115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ነፋሲትን አልፎ፣ ጊንዳዕ ላይ ጉሙ ከኋላው ይቀራል፤ ከዚያ በታች ሙቀቱ እንደ ግድግዳ ይመታል። በሙቀቱ ወራት ምፅዋ ላይ 40 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፤ ሌሊቱም አያሳርፍም። ደገኛው ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መዋኘትና ገመድ መቋጠር ነው፤ ከዚያ ወደየሙያው ይመደባል፦ ወደ ሞተር፣ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ወደ ራዲዮና ራዳር፣ ወደ መድፍ።

የትኛውም ክፍል ቢገባ የማያመልጠው ትምህርት አለ፤ ጉዳት መከላከል። መርከብ ከተመታች የሚያድናት እሳት አደጋ ብርጌድ ስለማይመጣ ሁሉም ሰው እሳት አጥፊ፣ ሁሉም ሰው አናጢ ነው። የፈነዳ ቧንቧ ላይ የእንጨት ሽብልቅ በጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ መምታት፣ የተበሳ ግድግዳ ላይ ፍራሽ ለጥፎ በግንድ መደገፍ፣ ጭስ በሞላበት ጨለማ በዳበሳ መሰላሉን ማግኘት። ብልሃቱ ሲታይ የምን አለሽ ተራ ልጅ የሚኮራበት ዓይነት ነው።

ልዩነቱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ሙያ የሚተላለፈው ከጌታው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው፤ ብረቱ ሲግል በቀለሙ፣ ሲሰነጠቅ በድምፁ ይታወቃል። ምፅዋ ላይ ግን ዓይንና ጆሮ ብቻውን አይታመንም። በየሰዓቱ የዘይቱ ግፊት ይነበባል፣ የውሃው ሙቀት ይነበባል፣ ሁለቱም ተጽፈው ይፈረምባቸዋል። ተረኛው ሲቀየር ቀጣዩ ከመረከቡ በፊት ያለፈውን አራት ሰዓት አንብቦ ይጠይቃል። ፊርማው ያለበት ሰው ተጠያቂ ነው። ለእኔ ባሕር ኃይሉ ወደ አገር ካስገባቸው ነገሮች ሁሉ ከመድፉም ከነጭ ልብሱም የሚበልጠው ይህ የጽሑፍ ልማድ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የተመደቡባቸው ጀልባዎች ትንንሾች ነበሩ። አሜሪካ 95 ጫማ፣ ማለትም 29 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው የጥበቃ ጀልባዎች ሰጠች፤ ከዩጎዝላቪያ የቶርፔዶ ጀልባዎች መጡ። ለዳርቻ ጥበቃና ኮንትሮባንድ ለማሳደድ ይበቃሉ። መቶ ምልምል አሳፍሮ ባሕር የሚያሻግር መርከብ ግን ገና አልነበረም።

እሷ የመጣችው በ1954 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ በውሰት የሰጠቻት ይህች መርከብ «ኦርካ» ትባል ነበር። ዋሽንግተን ግዛት፣ ሐይቅ ዳር ባለ የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ በመስከረም 1935 ውሃ ነካች፤ ጥር 1936 ላይ ሥራ ጀመረች። የተሠራችው ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች እናት እንድትሆን ነው። ነዳጅ ታድላቸዋለች፣ ሲሰበሩ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቹን ታሳድራለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ ድረስ ዘልቃ፣ ጃፓኖች ራሳቸውን ከአውሮፕላናቸው ጋር መርከብ ላይ በሚወረውሩበት ውሃ ውስጥ አገልግላለች። ጦርነቱ ሲያበቃ ቆመች፣ እንደገና ተጠራች፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተሰናበተች።

ወደ እኛ ስትመጣ ዕድሜዋ 18 ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ይሆናል። በናፍጣ የሚሠሩ ሞተሮቿ 6,000 የፈረስ ጉልበት አውጥተው ሁለት ፕሮፔለር ያዞራሉ፤ ፍጥነቷ 18 ኖት ገደማ ነው። ፊት ለፊቷ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ተተክሎባታል። ለተዋጊ መርከብ ዘገምተኛ ናት፤ ለትምህርት ግን ከእሷ የተሻለች ማግኘት ይቸግር ነበር። አውሮፕላን ለመጠገን የተሠራ ወርክሾፕ አላት፤ ለአብራሪዎች የተሰናዳ ትርፍ መኝታ አላት። በአብራሪዎቹ ፋንታ ምልምሎች ተኙበት። ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብም ማሠልጠኛም እሷ ሆነች።

ስለዚህ ከ1954 ወዲህ ምፅዋ ላይ ኮርሱን የጨረሰ ወጣት ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነበር። ምደባ ሲወጣ የጀልባ ዕጣ የደረሰው ቶሎ ኃላፊነት ያገኛል፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው ባለበት ሞተረኛው ምናልባት አንድ ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ» ላይ የተመደበው ደግሞ ከ200 በላይ ሰው መሀል የመጨረሻው ታናሽ ይሆናል፤ የሚማረው ግን የትየለሌ ነው።

አዲስ ቴክኒሻን ትልቅ መርከብ ላይ ሲወጣ በየትኛውም ባሕር ኃይል የሚጠብቀው ፈተና አንድ ዓይነት ነው። ከክፍል ይዞት የመጣው ሥዕል ላይ ቧንቧዎቹ በቀጥታ መስመር ተሰምረዋል፤ ነዳጁ በቢጫ፣ ውሃው በሰማያዊ። ታች ሲወርድ መስመር የሚባል ነገር የለም። ቧንቧው ከግድግዳ ገብቶ በወለል ሥር ይጠፋል፤ በሌላ ክፍል ጣሪያ ብቅ ይላል። አለቃው ባትሪ መብራትና እርሳስ ይሰጠውና ተከትለህ ሣል ይለዋል። ልጁ በሆዱ እየተሳበ፣ ዘይት በቀላቀለ ውሃ ላይ እየተንፏቀቀ፣ እያንዳንዱን ቫልቭ በእጁ እየነካ ይሥላል። የሚያረካ ሥዕል እስኪያመጣ ደጋግሞ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለት የትኛውን ቫልቭ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እጁ ነው።

ሞተሮቹ ሲነሱ ንግግር ያበቃል። ሰው በምልክት ይግባባል፦ ሁለት ጣት፣ የተጨበጠ መዳፍ፣ የአገጭ ጥቅሻ። ከላይ ያለው አየር የቀይ ባሕር አየር ስለሆነ ታች ያለውን ሙቀት መናገር አይቻልም። ሞተረኛው በየዙሩ የመዳፉን ጀርባ የሞተሩ ዘንግ መያዣ ላይ ያስነካል፤ ከትናንቱ ትንሽ ከጋለ ቴርሞሜትሩ ከመናገሩ በፊት ቆዳው ይነግረዋል። ከዚያ ግን ሄዶ ይጽፈዋል። የገበያው ልጅና የመዝገቡ ልጅ አንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙት እዚህ ነው።

ከሙቀቱ ጉድጓድ በላይ ሌላ ዓለም ነበር። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ ምፅዋ ይወርዳሉ፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መርከብ ይልካሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ ለይተው የሚተያዩ ባንዲራዎች ባንድ ወደብ ጎን ለጎን ሲውለበለቡ ማየት ምፅዋ ላይ ብርቅ አልነበረም። ነጭ በነጭ የለበሰው ሰልፈኛ መሀል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት በሳሙና ያልለቀቀለት ሞተረኛ እንደሚኖር እገምታለሁ።

ባሕር ኃይሉን ይመሩ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ፣ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ጦሩ ሲያጉረመርም ምፅዋም አጉረመረመች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ያለ ፍርድ ካስገደላቸው ባለሥልጣናት መካከል እስክንድር አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው ገና 40 ነበር።

«ኢትዮጵያ» በ1976 እ.ኤ.አ. ከውሰት ወጥታ በሽያጭ የእኛ ሆነች። ነገሩ ምጸት አለበት፤ በወራት ውስጥ ከሻጩ ጋር ተጣላን። በ1969 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም መለዋወጫውም አብሮ ቀረ። መለዋወጫ የቀረበት ሞተረኛ ምርጫው ሁለት ነው፦ ቶርኖ ላይ ራሱ መቅረጽ፣ ወይም ከቆመ ሞተር ፈትቶ ለሚሠራው መግጠም። ይህን ጊዜ ነው ያቺ ለባሕር አውሮፕላን የተሠራች ወርክሾፕ ዋጋዋ የሚታወቀው። እንደ ምን አለሽ ተራ ሁሉ መርከቧም ላይ «የለም» ማለት ክልክል የሆነበት ዘመን መጣ።

ታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ ምፅዋን ከየብስ በኩል አጥቅቶ የከተማዋን ሰፊ ክፍል ያዘ። በመንግሥት እጅ የቀረው የባሕር ኃይሉ ሰፈርና ወደቡ ነበር። ሻዕቢያ ሳሊና በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ ወደ ሰፈሩ ለመግባት ያደረገው ጥቃት በብዙ ደም ከሸፈ፤ ከባሕር የሚተኮሰው መድፍ ለዚያ አንዱ ምክንያት ነው። ከተማዋ ተከባ በቆየችበት ጊዜ ሞተረኛ፣ ራዲዮኛ ሳይባል ምሽግ የገባው ብዙ ነው። በጨው ሜዳው ላይ ከሁለቱም ወገን የወደቁት የዚያው አገር ልጆች መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቋንቋ ቀየረ። መኮንኖች ወደ ሌኒንግራድና ባኩ ተላኩ፤ ዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ኖክራ ላይ ሶቪየቶች የጥገና ሰፈር አገኙ። በእንግሊዝኛ ማኑዋል ያደገው ቴክኒሻን በሩስኛ ፊደል የተጻፈ የቫልቭ ስም መማር ነበረበት። በ1983 እና 1984 እ.ኤ.አ. የመጡት ሁለት የፔትያ ዓይነት ፍሪጌቶች ደግሞ ሙያውን ራሱን ለወጡት። መሀል ላይ የናፍጣ ሞተር፣ ግራና ቀኝ የጋዝ ተርባይን አላቸው። ለእግር ጉዞ ናፍጣው፣ ለሩጫ ተርባይኑ ነው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲነሱ ወደ 30 ኖት ይደርሳሉ። በ«ኢትዮጵያ» 18 ኖት የሠለጠነ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። አሮጊቷ ግን አልተሰናበተችም፤ ከአዲሶቹ ጎን ሥራዋን ቀጠለች።

የካቲት 1982 ምፅዋ በሦስት ቀን ውጊያ ከመንግሥት እጅ ወጣች። የቴክኒክ ትምህርቱ፣ ወርክሾፑ፣ የ30 ዓመት የማኑዋልና የመዝገብ ክምችት ሁሉ እዚያው ቀረ፤ መርከቦቹ አሰብንና ዳህላክን ተጠግተው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ኖሩ። ግንቦት 1983 አሥመራ ስትያዝ፣ በማግስቱ አሰብ ስትከተል፣ ሞተራቸው የተነሳላቸው መርከቦች ሕዝብ ጭነው ወደ የመን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ወጡ። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች። ከተሠራች 47 ዓመቷ፣ ከተረከብናት 29 ዓመቷ ነበር፤ የመጨረሻ ጉዞዋንም በራሷ ሞተር ነው የሄደችው። ለሞተር ክፍሏ ሰዎች ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት አላውቅም።

የመን ወደብ ላይ ቆማ ዛገች። በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ተሸጠች። ሌሎቹን የመን ስታስወጣቸው ጅቡቲ ተጠጉ፤ የወደብ ኪራይ ያልተከፈለባቸው ሆነው መስከረም 1989 ዓ.ም. በጨረታ ቀረቡ። ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ነበረች። ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል በዚያው ተዘጋ፤ የቀረች አንዲት ትንሽ የጥበቃ ጀልባ ጣና ሐይቅ ላይ ስትንሳፈፍ ትታይ ነበር።

ሰዎቹስ? ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ባሕረኛው በዚያ ጎርፍ ውስጥ ጠብታ ነበር። ወደ የመን የተሻገረው ስደተኛ ሆኖ ከዚያ ወደሌላ አገር ዘለቀ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰው እንደ ማንኛውም የቀድሞ ወታደር የዕለት ሥራ ፈለገ። መንግሥት ስንት ብር አውጥቶ ያስተማረውን እጅ ማን እንደሚጠቀምበት ሳያስብ ለቀቀው። መርከቧን ለቁርጥራጭ መሸጥ ግድ ነበር እንበል፤ ሰውየውን በዚያው ዋጋ መልቀቅ ግን ግድ አልነበረም። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ምን አለሽ ተራ ብትገቡ የጄኔሬተር አካል፣ የፓምፕ ጭንቅላት፣ የቫልቭ እጀታ በየመደቡ ተቆልሎ ታያላችሁ። ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት የለውም፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ መቼ ዘይቱ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው የለም። ሻጩ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ በቁልፍ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ ዋጋ ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ አይስትም፤ ጥበቡን እመሰክራለሁ። ግን ያቺ ምፅዋ ላይ የምትፈረም ወረቀት ብትኖር ገዢም ሻጭም እንዴት ይገላገሉ ነበር እላለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተናገሩ። መጋቢት 2011 ላይ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ ሲመጡ በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ፈረንሳይ ልታግዝ ቃል ገባች። ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲው ለዓለም የንግድ መርከቦች የሚያሠለጥናቸው የማሪን መሐንዲሶች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ወጣቶቹ ሐይቅ አጠገብ ተምረው ውቅያኖስ ላይ ይቀጠራሉ። የአዲሱ ባሕር ኃይል መሠረታዊ ባሕረኞችም ቢሾፍቱ ላይ፣ ከማንኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ሠልጥነው መመረቅ ጀመሩ። የሚመደቡባት መርከብ ገና ናት። በ1950ዎቹም ቢሆን የምፅዋው ትምህርት ቤት ከ«ኢትዮጵያ» በ5 ዓመት ቀድሞ ነው የተከፈተው።